ማዝሎደር ለኤልክ አደን በኮሎራዶ፦ ምርጫው ከእርሳሱ ይጀምራል

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው። በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ይኖራሉ፤ የአዳኞችን ትምህርት ተከታትለው ጨርሰዋል፤ ያስገቡት ማመልከቻ ተሳክቶም ለመስከረም የሴት ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) የማዝሎደር፣ ማለትም በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ፈቃድ በዕጣ ደርሷቸዋል። ጠመንጃ ግን ገና አልገዙም። አንድ ሱቅ በ600 ዶላር «ሁሉን ያሟላ ነው» ያለውን ሣጥን አሳይቷቸዋል፤ በውስጡም ኢንላይን የሚባለው ዘመናዊ ማዝሎደር፣ በላዩ የታሰረ አጉሊ መነጽር፣ እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ የተሠራ ባሩድና በፕላስቲክ እጅጌ የተሰካ ጥይት አለ። የሥራ ባልደረባቸው በበኩሉ ይህን ሁሉ ትተው በባልጩት የሚተኮሰውን የጥንቱን ዓይነት እንዲገዙ መክሯቸዋል። «ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል? ሁለቱስ በሕግ የተፈቀዱ ናቸው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ መልሱ የመጀመሪያውን ግማሽ ይመልሳልና። የሱቁ ጠመንጃ ራሱ በኮሎራዶ የተፈቀደ ነው፤ በሣጥኑ አብረውት የገቡት ሦስት ነገሮች ግን፣ ማለትም መነጽሩ፣ የተጠፈጠፈው ባሩድና የፕላስቲክ እጅጌ ያለው ጥይት፣ በማዝሎደር ወቅት ሦስቱም የተከለከሉ ናቸው። የባልደረባዎ የባልጩት ጠመንጃም ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ዓመት አዳኝ አልመክረውም። እኔ የምመክርዎ 50 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች የሚሰፋ) የሆነ፣ በ209 ፕራይመር (ባሩዱን በምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ) የሚተኩስ፣ መነጽር የሌለውና ጥሩ የብረት ማነጣጠሪያ ያለው ቀላል ኢንላይን፣ ከዱቄት ባሩድና በርሜሉን ሞልቶ ከሚሄድ ሾጣጣ የእርሳስ ጥይት ጋር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንዲህ እንደምል ነው፤ ምክንያቱን ካወቁ ሻጩ ሌላ ነገር ሲያቀርብልዎ ራስዎ መዝነው መወሰን ይችላሉ።

የኮሎራዶ የማዝሎደር ወቅት በፈረንጆቹ መስከረም (ሴፕቴምበር) ሁለተኛው ቅዳሜ ይጀምርና ለ9 ቀናት ይቆያል፤ በእኛ አቆጣጠር ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጋር የሚገጣጠም ነው። ኤልክ የሚራባበት ጊዜ በመሆኑ ወንዶቹ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፣ መንጋውም ከጥቅምቱ የዘመናዊ ጠመንጃ ወቅት ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። መሥሪያ ቤቱ፣ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ ይህን መልካም ጊዜ የሰጠው መሣሪያው የአዳኙን አቅም እንዲገድብ በማሰብ ነው። ለእርስዎ እንግዳ የሚመስሉት ክልከላዎች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመነጩ ናቸው። ቶኒ ናይት የተባለው የሚዙሪ ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ኤምኬ-85 የተባለውን ኢንላይን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ማዝሎደር እየዘመነ ሄዶ፣ ከመነጽርና ከፕላስቲክ እጅጌ ጋር ሲሆን ከዘመናዊ ጠመንጃ ጋር ለመፎካከር የተቃረበ መሣሪያ ሆኗል። አንዳንድ ግዛቶች ይህን ዘመናዊነት ተቀበሉት፤ ኮሎራዶ ግን ጠመንጃውን ፈቅዶ ተጨማሪዎቹን ከለከለ። ሱቆች የሚሸጡት ሣጥን ለሃምሳውም ግዛት በአንድነት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ሻጩ ሊያታልልዎ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን በሕግ ፊት የእርስዎ ነው።

የሕጉን ዋና ዋና ነጥቦች በቃላት ላስቀምጥ። ጠመንጃው አንድ በርሜል ያለው፣ በአፈሙዙ የሚጎርስና አንድ ድቡልቡል ወይም ሾጣጣ ጥይት የሚተኩስ መሆን አለበት። ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርንና ለድብ ትንሹ መጠን 40 ካሊበር ሲሆን፣ ለኤልክና ለሙስ ግን 50 ካሊበር ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ሆኖ ያገኙት 45 ካሊበር ለእርስዎ ፈቃድ አይሆንም። ከ40 እስከ 50 ካሊበር ያለው ጠመንጃ ቢያንስ 170 ግሬን (11 ግራም ያህል) የሚመዝን ጥይት፣ ከ50 በላይ ያለው ደግሞ ቢያንስ 210 ግሬን የሚመዝን ጥይት መተኮስ አለበት። የሾጣጣ ጥይት ርዝመት ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ሳቦ የሚባለው፣ ቀጭኑን ጥይት በወፍራም በርሜል ውስጥ እንዲገጥም የሚያደርገው የፕላስቲክ እጅጌ የተከለከለ ነው፤ ድቡልቡሉን እርሳስ የሚጠቀልለው ጨርቅ ግን እንደ ሳቦ አይቆጠርም። ጭስ አልባ ባሩድና የተጠፈጠፈ ባሩድ የተከለከሉ ናቸው። ማነጣጠሪያው መነጽር የሌለው የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ሲሆን፣ ብርሃን የሚሰበስበው ፋይበር ኦፕቲክና ደማቅ ቀለም ይፈቀዳሉ፤ በባትሪ የሚሠራ ማናቸውም ነገር ግን ከጠመንጃው ጋር መያያዝ የለበትም። ይህ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የትልልቅ እንስሳት አደን መጽሔት ታትሞ በነጻ ይሰጣል፤ ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል የአምናውን ሳይሆን የዘንድሮውን እትም ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ጠመንጃውን መርጦ፣ ከዚያ የሚስማማውን ጥይት መፈለግ ነው። እኔ ተገላቢጦሹን እመክራለሁ፦ መጀመሪያ እንስሳውን፣ ቀጥሎ እርሳሱን፣ ከዚያ ያን እርሳስ በትክክል የሚወረውረውን በርሜል፣ በመጨረሻ በርሜሉን የተሸከመውን ጠመንጃ ይምረጡ። ሴት ኤልክ 225 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ወንዱ 315 ኪሎ ይደርሳል። ቆዳዋ ወፍራም፣ የጎድን አጥንቷ ጠንካራ፣ ልብና ሳንባዋ ደግሞ በጥልቀት የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ገብቶ እስከ ወዲያኛው ጎን የሚዘልቅ ክብደት ነው።

ሁለት ዓይነት ሕጋዊ እርሳስ አለ። የመጀመሪያው ድቡልቡሉ ሲሆን፣ በ50 ካሊበር በርሜል የሚገባው 177 ግሬን ያህል ይመዝናል። ይህ ከሕጉ 170 ግሬን በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ድቡልቡል ነገር አየርን ለመሰንጠቅ የተመቸ አይደለም፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በጣም ፈጣን ቢሆንም 100 ያርድ (91 ሜትር) እስኪደርስ ከጉልበቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ያጣል። በሌላ በኩል የድቡልቡል ነገር ክብደት ከስፋቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ወደ 54 ካሊበር ሲሄዱ እርሳሱ በ4 መቶኛ ኢንች ብቻ ሰፍቶ ክብደቱ ወደ 225 ግሬን ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በድቡልቡል እርሳስ ኤልክ ማደን የሚወዱ ሰዎች 54 ካሊበርን የሚመርጡት ለክብር ብለው ሳይሆን ለሥጋው ጥልቀት ብለው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሾጣጣው ነው፤ ለ50 ካሊበር ከ300 እስከ 400 ግሬን የሚመዝኑ በቅባት የተለወሱ የእርሳስ ጥይቶች በብዛት ይሸጣሉ። ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ጉልበቱን ይዞ ስለሚሄድ በ100 ያርድ ላይ ከ50 ካሊበሩ ድቡልቡል ሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይኖረዋል። ለኤልክ፣ በ50 ካሊበር፣ ያለማመንታት ሾጣጣውን እመርጣለሁ። ርዝመቱ ከአንድ ኢንች እንዳይበልጥ ሲገዙ በካሊፐር ይለኩት፤ አንዳንዶቹ ከባድ ጥይቶች ከዚህ መስመር ያልፋሉና።

እርሳሱ ከተመረጠ በርሜሉን ይወስንልዎታል። በበርሜሉ ውስጥ የተቆፈሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ጥይቱን እያሽከረከሩ ያወጡታል፤ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር የሚፈጅባቸው ርዝመት በበርሜሉ ላይ ወይም በመግለጫው ላይ ይጻፋል። በ28 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር በርሜል ፈጣን ጠምዛዛ ነው፤ ረጃጅምና ከባድ ጥይቶችን ያረጋጋል፤ የዛሬዎቹ ኢንላይኖች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በ60 ወይም በ66 ኢንች አንዴ የሚዞረው ለድቡልቡል እርሳስ የተሠራ ነው፤ ሾጣጣ ቢያጎርሱት ጥይቱ እየተገላበጠ ይሄዳል። በ48 ኢንች የሚዞረው፣ ቶምሰን ሴንተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው የሆከን ዓይነት ጠመንጃ የታወቀው፣ ሁለቱንም መካከለኛ በሆነ ሁኔታ ያስተናግዳል። የአንድ ጓደኛ ጠመንጃ ድንቅ ተኩሶ የሌላው የማይመታበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ሰው ጠመንጃውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የማይስማማ እርሳስ በማጉረሱ ነው።

ስለ እሳት አቀጣጠሉ የባልደረባዎን ሐሳብ በአክብሮት ልመልስ። የባልጩት ጠመንጃ ውብ መሣሪያ ነው። ባልጩቱ ብረቱን ሲፍቅ የሚወጣው ፍንጣሪ በመዳፉ፣ ማለትም ከበርሜሉ ጎን ባለችው ትንሽ ሳህን፣ ላይ ያለውን ጥቂት ባሩድ ያቀጣጥላል፤ እሳቱም በቀዳዳዋ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ይለኩሳል። በዚህ መካከል የምትኖረዋ ቅጽበት አጭር ብትሆንም ተኳሹ እንዳይንቀጠቀጥ ብዙ ልምምድ ትጠይቃለች፤ የተራራ ነፋስም መዳፉ ላይ ያለውን ባሩድ ሊወስድ፣ ጉምም ሊያረጥብ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ በቁንጮው ላይ በሚሰካ ትንሽ የመዳብ ቆብ፣ ማለትም በፐርከሽን ካፕ፣ የሚተኮሰው ነው፤ አስተማማኝ ነው፤ በሆከን ቅርጽ የተሠራ፣ ጥሩ የእንጨት ሰደፍ ያለው ጠመንጃ የሚወዱ ከሆነ ይህን አልከለክልዎትም። ሦስተኛው ኢንላይን ነው፤ ፕራይመሩ ከባሩዱ ጀርባ ቀጥታ ስለተቀመጠ እሳቱ ጠማማ መንገድ አይሄድም፣ ከእርጥበትም የተጠበቀ ነው፤ 209 የሚባለው የሾትገን ፕራይመር በኮሎራዶ የተፈቀደ ነው። አንድ ሰው ዕጣ ደርሶት፣ የ9 ቀን ፈቃድ ይዞ፣ ሌሊት ተነስቶ ተራራ ወጥቶ ከእንስሳ ፊት ሲቆም የሚፈልገው ምላጩን ሲስብ የሚነሳ እሳት ነው። ባልጩቱን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ዓመትዎ ያቆዩት።

የትኛውንም ቢመርጡ የሚተኩሱት አንድ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ፣ ከኋላ የሚጎርሰውን ሰናድር ከያዘው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥም ይህ ልዩነት ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ የምናውቀው ነው። ባሩድ ለክቶ ማፍሰስ፣ እርሳሱን አስገብቶ በመጠቅጠቂያው ዘንግ መግፋት፣ ፕራይመር መሰካት ለለመደ እጅ እንኳ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ የቆሰለች ኤልክ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሸለቆውን አቋርጣ ትሄዳለች። ስለዚህ በጠመንጃ ምርጫ ጊዜ ዋናው ጥያቄ «ስንት ያርድ ይደርሳል?» ሳይሆን «የመጀመሪያዋን ጥይት ያለ ጥርጥር የማሳርፍበት ርቀት ስንት ነው?» የሚለው ይሁን።

ይህ ወደ ማነጣጠሪያው ይወስደኛል፤ እኔ በምርጫው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የምሰጠውም ለእሱ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ኢንላይኖች የመነጽር መቀመጫ ብቻ ይዘው፣ የብረት ማነጣጠሪያ ሳይኖራቸው ይሸጣሉ። መነጽሩን ፈትተው ቢጥሉ የሚቀርዎ ምንም የማያነጣጥር በርሜል ነው። ስለዚህ ከሞዴሉ ስም በፊት የበርሜሉን ጫፍ ይመልከቱ፤ የፊት ማነጣጠሪያ አለው ወይ? ከሌለውስ ለመትከያ የሚሆኑ የብሎን ቀዳዳዎች ተበስተውለታል ወይ? ከኋላ ደግሞ እንደ ሸለቆ የተሰነጠቀው ተራ ማነጣጠሪያ ወይም ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው ፒፕ ሳይት ሊገጠም ይችላል፤ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ዕድሜዎ ከአርባ ካለፈ ፒፕ ሳይቱን አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ዐይን በአንድ ጊዜ በቅርቡ ያለውን ብረት፣ የፊተኛውን ነጥብና ሩቅ ያለውን እንስሳ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ በፒፕ ሳይቱ ግን ቀዳዳውን ማየት አያስፈልግም፣ በውስጡ አልፈው የፊቱን ነጥብ ብቻ እንስሳው ላይ ያሳርፋሉ። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን፤ በጠዋትና በማታ ጭላንጭል ጠባብ ቀዳዳ ይጨልማል፤ ኤልክ ደግሞ ከጫካው የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

የፊቱን ነጥብ ውፍረትም ይመርምሩ። ፋብሪካዎች የሚያደምቁት ወፍራም የፋይበር ነጥብ በሱቅ ውስጥ ደስ ይላል። ነገር ግን ከዐይንዎ በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጥብ በ100 ያርድ ላይ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ይሸፍናል። ይህ የኤልክ ሳንባና ልብ ካለበት ቦታ ሰፊውን ክፍል ስለሚጋርድ፣ የሚመቱትን ቦታ ሳያዩ ይተኩሳሉ ማለት ነው። ቀጠን ያለ ነጥብ መግጠም ጥቂት ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ካየኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው ነው።

ባሩዱን በተመለከተ፣ የተጠፈጠፈው ስለተከለከለ በዱቄት መልክ ያለውን ይግዙ። እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ወይም እሱን ለመተካት የተሠሩት፣ ለምሳሌ ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨን፣ ሁሉም ይፈቀዳሉ። ለ50 ካሊበር ሁለት ኤፍ የሚባለው ደቃቅነት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያደናግር ነገር አለ፦ የጥይት ግሬን በሚዛን የሚለካ ክብደት ነው፤ የባሩድ ግሬን ግን በማዝሎደር ዓለም በስፍር የሚለካ ይዘት ነው። ተተኪ ባሩዶቹ ከጥቁሩ ባሩድ ክብደታቸው ስለሚለይ በሚዛን መዝነው አያጉርሷቸው፤ በተለይ ትሪፕል ሰቨን በስፍር እንኳ ቢሆን ከጥቁሩ ባሩድ ስለሚበረታ መጠኑ 15 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ለከባድ ሾጣጣ ከ80 እስከ 90 ግሬን ስፍር ባለው ቢጀምሩ፣ የጠመንጃው መመሪያ የሚፈቅደውን ጣሪያ ሳይነኩ ትክክለኛውን መጠን በዒላማ ላይ ያገኙታል። ጭስ አልባ ባሩድ በጥቂቱም ቢሆን፣ ተቀላቅሎም ቢሆን፣ ለሙከራም ቢሆን አያስገቡ፤ በርሜሉን ያፈነዳዋል፣ እጅና ዐይን ያጠፋል። ባሩዱን ከዕቃው በቀጥታ ወደ በርሜሉ አያፍስሱ፤ በውስጡ የቀረ ፍም ካለ እሳቱ ወደ ዕቃው ይመለሳልና ሁልጊዜ በመስፈሪያው በኩል ያሳልፉት።

እርሳሱ ባሩዱ ላይ በሚገባ መቀመጥ አለበት። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ይችላል። አንድ ጊዜ በትክክል ካጎረሱ በኋላ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ በአፈሙዙ ደረጃ መስመር ይቅረጹ፤ ከዚያ ወዲህ መስመሩ ከአፈሙዙ በላይ ከታየ እርሳሱ አልተቀመጠም ማለት ነው። ሾጣጣ ጥይት በቅባት የተለወሰ ስለሆነ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ቀስ በቀስ ሊንሸራተት እንደሚችል አይርሱ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ፕራይመሩን አውጥተው በዘንጉ ይፈትሹ። ድቡልቡል እርሳስ የሚመርጡ ሰዎች ደግሞ ተኩሰው የወደቀውን ጨርቅ ይፈልጉ፤ አንዳንዱ እየጨሰ ይወድቃል፣ የመስከረም የኮሎራዶ ሣርም ደረቅ ነው።

ስለ ርቀት የምጽፈው ከልቤ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታቴ በአንዱ፣ ከ140 ያርድ ላላነሰ ርቀት ጠመንጃዬን አምኜ ተኩሻለሁ። ጥይቱ ከሳንባው ወደ ኋላ አረፈ፤ ደሙን ተከትዬ እስኪመሽ፣ በማግስቱም እስከ ቀትር ፈልጌ አላገኘሁትም። ጠመንጃው የሚደርስበትን አውቅ ነበር፤ እኔ የምደርስበትን ግን አልለካሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ በብረት ማነጣጠሪያ ለድቡልቡል እርሳስ 75፣ ለሾጣጣው 100 ያርድ ጣሪያዬ ነው፤ ለአዲስ አዳኝ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሁን እላለሁ። መለኪያው ቀላል ነው፦ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሰሐን ሰቅለው፣ ከጠረጴዛ ሳይሆን ተንበርክከው ወይም ተቀምጠው አምስት ይተኩሱ። አምስቱም የሚያርፉበት የመጨረሻው ርቀት የእርስዎ ርቀት ነው፤ አራቱ ካረፉ ገና አልደረሱም። የኮሎራዶ ሕግ የቆሰለን እንስሳ ለመከታተልና ለመግደል በቂ ጥረት ማድረግን ግዴታ ያደርጋል፤ ከሕጉም በፊት ይህ ለእንስሳው የምንከፍለው ዕዳ ነው።

ጠመንጃውን በእጅዎ ሳይዙ አይግዙ። ዐይንዎን ጨፍነው ሰደፉን ትከሻዎ ላይ ያሳርፉና ዐይንዎን ሲከፍቱ ማነጣጠሪያው ፊትዎ ላይ መጥቶ መገኘት አለበት፤ አንገትዎን ማጠፍ ወይም መንጠራራት ካስፈለገዎ ለእርስዎ አልተሠራም። ያገለገለ ካገኙ በበርሜሉ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ያስገቡ፤ ቡናማ ዝገት ይዞ ከወጣ ወይም በመካከል ከያዘው ይተዉት። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ከአየር እርጥበት ስቦ ብረት ስለሚበላ፣ በተኮሰ ቀን ያልታጠበ በርሜል በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላሻል። ለዚህም ነው ከኋላ የሚደፍነው ብሎን በእጅ የሚፈታ ጠመንጃ እንዲመርጡ የምመክረው፤ በሞቀ ውኃና በሳሙና ከኋላ ወደ ፊት ማጠብ ይችላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ባለ ጠመንጃው «ባዶ ነው» ቢልዎትም ዘንጉን አስገብተው ያረጋግጡ፤ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ለዓመታት ተጎርሶ ቆይቶ ሊተኩስ ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 600 ዶላሩን በሙሉ በጠመንጃ ላይ አያውሉት። ሲቪኤ ዎልፍን የመሳሰሉ፣ በመካከላቸው ታጥፈው የሚከፈቱና በ28 ኢንች የሚዞሩ ቀላል ኢንላይኖች ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ ውድ ከሆኑት ወንድሞቻቸው የሚለዩት በአብዛኛው በበርሜል ርዝመትና በአጨራረስ ነው። የቀረውን ለፒፕ ሳይት፣ ለባሩድ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓይነት ጥይት መሞከሪያና ለተኩስ ሜዳ ክፍያ ያድርጉት። እያንዳንዱ በርሜል የራሱ የሚወደው እርሳስ አለው፤ የእርስዎ የትኛውን እንደሚወድ የሚነግርዎ ዒላማው ብቻ ነው።

ስለ መያዝና ማጓጓዝም ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የፌዴራል የጠመንጃ ቁጥጥር ሕግ መሠረት ለጥቁር ባሩድ የተሠራና ቀለህ ያለው ጥይት የማይጎርስ ማዝሎደር እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ስለሚቆጠር፣ በአብዛኛው ግዛቶች ያለ ፌዴራል ፎርም ይሸጣል፣ በፖስታም እቤት ድረስ ይላካል። ይህ ግን ማንም ሰው ሊይዘው ይችላል ማለት አይደለም። የግዛት ሕግ የራሱ ትርጉም አለው፤ በኮሎራዶ ቀደም ሲል በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በጥቁር ባሩድ ጠመንጃም ሊጠየቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ያላለቀ ወገን ከመግዛቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። በመኪና ሲጓዙ ጠመንጃው ባዶ መሆን አለበት፤ ማዝሎደር ፕራይመሩ ወይም ካፑ ከወጣ፣ የባልጩቱ ደግሞ ከመዳፉ ላይ ባሩዱ ከተወገደ እንደ ባዶ ይቆጠራል። በጫካው ውስጥ ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች የሚሆን ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስ፣ ከነቆቡ፣ መልበስ ግዴታ ነው። ቀስተኞች በዚያው ጊዜ በዚያው ጫካ ይህን ሳይለብሱ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ከእንስሳው በስተኋላ ያለውን ሳያረጋግጡ ምላጩን አይሳቡ። ጥሰት በነጥብ ይመዘገባል፤ በ5 ዓመት ውስጥ 20 ነጥብ የሞላበት ሰው ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፣ እገዳውም በግዛቶቹ መካከል ባለው ስምምነት ከኮሎራዶ ውጭም ይከተለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመድ የሚነግርዎት ነገር ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። እዚያ መነጽርም ሳቦም ይፈቀዳሉ፣ ለአጋዘንም 45 ካሊበር ይበቃል። ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ከገና ማግስት ጀምሮ የባልጩት ጠመንጃ ብቻ የሚፈቀድበት ልዩ ወቅት አላት። በአይዳሆ የማዝሎደር ወቅት እርስዎ የሚገዙት የተዘጋ ኢንላይን በ209 ፕራይመሩ ምክንያት አይገባም። ወደ ሌላ ግዛት ለማደን ካሰቡ ጠመንጃውን ከመጫንዎ በፊት የዚያን ግዛት መጽሔት ያንብቡ።

ወደዚያው ሱቅ ሲመለሱ ሻጩን ጠመንጃውን ለብቻው፣ ያለ መነጽርና ያለ ሣጥኑ ዋጋ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። በርሜሉ ጫፍ ላይ የፊት ማነጣጠሪያ ወይም የመትከያ ቀዳዳ ካለ፣ ጎኑ ላይም 50 ካሊበርና በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚል ከተጻፈበት ያንኑ ጠመንጃ ሊገዙት ይችላሉ። ከሌለው ግን ሌላ ያሳይዎ። ጥይቱንና ባሩዱን በዚያው ዕለት ይግዙና በመጀመሪያው ሳምንት በ25 ያርድ ይጀምሩ፤ ነጥቡ መሃል ሲገባ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 75 ይሂዱ፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ተኩስ በኋላ በርሜሉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ካልጠረጉት ጥቀርሻው አራተኛውን እርሳስ በመካከል ሊያስቀርብዎ ይችላል።